እናቷን አጥፍቼ ልጆቿን ያስቀመጥኩበት ባክአፕ

ሰኞ፣ መጋቢት 7

ትናንት ደብረ ዘይት ነበር። ጾሙ ተጋምሷል፣ ሠርግ የለም፣ ጎንደር ፒያሳ ያለችው የቪዲዮ ስቱዲዮዬ ጭር ብላለች። የጥርን ሠርጎች ኤዲት አድርጌ የምገላገለው አሁን ነው ብዬ በጠዋቱ ገባሁ። ዊንዶውሱ ኤስኤስዲ ላይ (ፈጣኑ ዲስክ ላይ) ስለሆነ ቶሎ ተነሳ። ቪዲዮው ሁሉ ያለበት ዲ ድራይቭ ግን እስኪመጣ አንድ ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ አንድ ክሊፕ ስነካ ሁሉም ነገር ደርቆ ቀረ። ጆሮዬን ወደ ኬዙ ጠጋ አደረግኩ። ቀጭ። ዝም። ቀጭ፣ ቀጭ።

ይሄን ድምፅ አንዴ የሰማ ሰው አይረሳውም።

ዲስኩ ባለ 2 ቴራ ነው፣ ዊንዶውስ 1.81 ብሎ የሚያሳየው። (ደንበኞች ሁሌ ይጠይቁኛል። የጎደለ ነገር የለም፤ አምራቹ በ1,000 እያባዛ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1,024።) ውስጡ ወደ 1.4 ቴራ ሥራ አለ። የዘንድሮ ጥምቀት ቀረጻ፣ የ6 ሠርግ ጥሬ ቪዲዮ፣ ያለፉት ዓመታት አልበሞች።

የዲስክ ጤና የሚያሳይ ነፃ ፕሮግራም ከፈትኩ። ስማርት የሚባለውን መዝገብ ነው የሚያነበው፣ ዲስኩ ስለ ራሱ የሚይዘውን ማስታወሻ። ቁጥሩ ብዙ ነው፣ እኔ የማየው ሁለቱን ነው። ቁጥር 5 ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩትን ሴክተሮች (የዲስኩን ትንንሽ ክፍልፋዮች) ይቆጥራል፤ 112 ይላል። ቁጥር 197 ደግሞ አልነበብ ብለው ፍርድ የሚጠብቁትን፤ 88። ደህና ዲስክ ላይ ሁለቱም ዜሮ ናቸው። ከሰዓት ደግሜ ሳየው 197 ላይ 216 ደርሷል። ባለበት ቢቆም ትንሽ ተስፋ ነበረው። በአንድ ቀን እንዲህ ካደገ ግን ዲስኩ እየሄደ ነው። አጠፋሁ፣ ኬብሉን ነቀልኩ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 8

ሌሊቱን "ባክአፕ አለኝ፣ መጠባበቂያ ቅጂ አለኝ" እያልኩ ራሴን ሳባብል ነው ያደርኩት። ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሁሌ እንደተሰካ የሚኖር ባለ 4 ቴራ ኤክስተርናል ዲስክ አለኝ። ዛሬ ላፕቶፕ ላይ ሰካሁት። ቀይ። 40 ጊጋ ብቻ ነው ባዶ የቀረው።

ውስጡ ምን እንዳለ አንድ በአንድ ጻፍኩ። "2017" የሚል ፎልደር፣ 1.1 ቴራ። "2023"፣ 0.9 ቴራ። "2025"፣ እሱ ውስጥ 61 ትንንሽ የባክአፕ ፋይሎችና ግማሽ ላይ የተቋረጠ አንድ ትልቅ ፋይል። የቀረው ቦታ አጥቼ የወረወርኩት ጥሬ ቪዲዮ ነው።

ጥሩ፣ አሮጌውን አጥፍቼ ቦታ ላስለቅቅ አልኩ። ከላይ የተቀመጠው "2017" ነው። ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ነው እኮ፣ ምን ያደርግልኛል? ሰርዝ የሚለው ላይ ጣቴ ደርሶ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ከነከነኝ፤ በ2017 በፈረንጅ እኔ ይሄን ኤክስተርናል መቼ ገዛሁትና? የበፊት ረዳቴ ጋ ደወልኩ፣ አሁን ባሕር ዳር ነው የሚሠራው።

"ጋሼ እንዳትነካው!" አለኝ ገና ሳልጨርስ። "የአምና ሰኔ ነው። በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።"

ሌሎቹን ስም ያወጣላቸው ፕሮግራሙ ነው፣ በፈረንጅ። ይሄኛውን ያወጣው ልጁ ነው፣ በእኛ። ኮምፒውተሩ ደግሞ የቁጥሩን ቅደም ተከተል እንጂ የማን ዘመን እንደሆነ አያውቅም። ላጠፋው የነበረው ካሉኝ ሁሉ አዲሱን ነው።

እሺ፣ "2025"ስ? እሱ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ነው። ልከፍተው ስል ፕሮግራሙ ዋናውን ፋይል አምጣ አለኝ። ዋናው የለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ፣ ብዙ ሰው እዚች ጋ ነው የሚሳሳተው። ባክአፕ ፕሮግራሙ መጀመሪያ ሙሉውን ይገለብጣል። ከዚያ በየማታው የተለወጠውን ብቻ ነው የሚይዘው። ሙሉው እናት ነው፣ የየማታዎቹ ልጆች ናቸው። ልጅ ያለ እናቱ አይከፈትም። ይባስ ብሎ ልጆቹም እርስ በርስ ተያይዘዋል፤ መሀል ላይ የአንድ ሐሙስ ፋይል ቢጠፋ ከዚያ ሐሙስ በኋላ ያለው ሁሉ አብሮ ሄደ። (ሌላም ዓይነት አለ፣ እያንዳንዱ ልጅ እናቱን ብቻ የሚፈልግ። ቦታ ይበላል፣ ግን ይሻላል።)

እናቷን ማን አጠፋት? እኔ። ኅዳር ላይ ቦታ ሲጠበኝ በመጠን ደርድሬ ትልቁን ፋይል ሰረዝኩ፣ 1.3 ቴራ። ትንንሾቹን ግን "አዳዲሶቹ ናቸው" ብዬ በጥንቃቄ አስቀመጥኩ! ፕሮግራሙ እናት ስታጣ በማግስቱ አዲስ ሙሉ ጀመረ፣ ግማሽ ላይ ሲደርስ ቦታ አለቀበት። ከዚያ ወዲህ በየማታው ይሞክራል፣ አቅቶት ይተዋል፣ ጠዋት ጠዋት በማያ ገጹ ጥግ መልእክት ያወጣል። እኔም ጠዋት ጠዋት እዘጋዋለሁ። አራት ወር ሙሉ።

በአጭሩ፣ እስከ ሰኔ ያለው በእጄ ነው። የጥምቀቱም የጥር ሠርጎቹም ግን ያሉት ቀጭ ቀጭ የሚለው ዲስክ ላይ ብቻ ነው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 9

ዲስክ ግዢ። ዋጋውን አላወራም፣ ጾም ነው።

ከአንድ ሱቅ ባለ 4 ቴራ ገዛሁ፣ "አዲስ፣ የታሸገ" ተብሎ። ፕላስቲኩም አለ። ስቱዲዮ ስገባ መጀመሪያ ያደረግኩት ስማርቱን ማየት ነው። ቁጥር 9 ዲስኩ ስንት ሰዓት በርቶ እንደቆየ ይናገራል። 21,000 ሰዓት ገደማ። ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ማለት ነው! የሆነ ቦታ ሲለፋ ኖሮ፣ ታጥቦ ተወልውሎ፣ ፕላስቲክ ለብሶ መጥቷል። መለስኩት። ባለሱቁ ብዙም አልተከራከረኝም፣ እሱንም አታልለውት ይሆናል። ከሌላ ሱቅ ያመጣሁት ዜሮ ሰዓት ይላል። ዲስክ የምትገዙ ሰዎች፣ ካርቶኑን ሳይሆን ይቺን ቁጥር እዩ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 10

ወሬው ተዳርሶ ምክር እየጎረፈ ነው። አንዱ ቼክዲስክ አሂድበት አለኝ። በፍጹም! ቼክዲስክ የፋይል ዝርዝሩን ለማስተካከል ዲስኩ ላይ ይጽፋል፣ የሚያጣጥር ዲስክ ላይ መጻፍ ደግሞ ታማሚን ሸክም ማሸከም ነው። ሌላው ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድረው አለ። ከቅዝቃዜ ሲወጣ ውስጡ ጤዛ ይይዛል። የዲስኩ ጭንቅላት ሳህኑን ሳይነካ በናኖሜትር በሚቆጠር ክፍተት በአየር ላይ ነው የሚንሳፈፈው፣ እዚያ ላይ ጠብታ ውሃ አስቡት።

ሦስተኛው ደግሞ "የጎንደር ከፍታ ነው የገደለው" አለ። ይሄኛው እንኳ ቁም ነገር አለው። ጭንቅላቱ የሚንሳፈፈው በአየር ስለሆነ አየር ሲሳሳ ይቸገራል። ግን አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቅዱት እስከ 3,048 ሜትር ነው፣ ጎንደር ደግሞ ከ2,100 ብዙም አይበልጥም። ይልቅ ስሜን ተራሮች ላይ ጨነቅ ካምፕ ድረስ ሀርድ ዲስክ ያለው ላፕቶፕ ይዤ ወጥቼ ማታ ማታ ክሊፕ ስገለብጥ የነበርኩት እኔ ልፈር። ጨነቅ ከ3,500 በላይ ነው።

ከሰዓት የጎረቤቴ ልጅ መጣልኝ፣ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ነው የሚማረው። ካቻቢቴ ይዘን ኬዙን ከፈትን። አቧራው ለብቻው ታሪክ ነው። አዲሱን በአራት ብሎን አሰርን፣ የሳታ ኬብሉን ቀየርን (አንዳንዴ ጥፋቱ የኬብል ስለሆነ፣ የእኔ ግን አልነበረም)። አዲሱን ዊንዶውስ ላይ ስናዘጋጅ የዲስኩ ክፍፍል በአሮጌው ዘዴ በኤምቢአር ወይስ በአዲሱ በጂፒቲ ይመዝገብ ብሎ ጠየቀ። እኔ እንደ ልማዴ የመጀመሪያውን ልጫን ስል ልጁ እጄን ያዘኝ። ኤምቢአር ከ2 ቴራ በላይ መያዝ አይችልም፣ ግማሽ ዲስኬን ልጥለው ነበር።

ከዚያ ልጁ በፍላሽ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ሲስተም) አስነሳና ዲዲሬስኪው የሚባለውን ከተበላሸ ዲስክ ፋይል የሚያወጣ ፕሮግራም ከፈተ። አሠራሩን ወድጄዋለሁ። ተራ ኮፒ መጥፎ ቦታ ሲያገኝ እዚያው ይጣበቃል፣ ዲስኩንም ይጨርሰዋል። ይሄ ግን መጀመሪያ ደህና ደህናውን ጠራርጎ ያወጣል፣ አስቸጋሪውን ይዘለዋል፣ መጨረሻ ላይ ተመልሶ የዘለለውን በትንሽ በትንሹ ይቆረቁራል። የትኛው ተነበበ የትኛው ቀረ የሚለውንም በካርታ ፋይል ይመዘግባል። የሚያወጣው የዲስኩን ሙሉ ምስል ነው፣ አንድ ትልቅ ፋይል አድርጎ። አዲሱ ላይ እሱም ገብቶ፣ ከሱ የሚወጡት ፋይሎችም ጎኑ ተገልብጠው ይበቃል።

8 ሰዓት ላይ ጀመርን። በሰከንድ 90 ሜጋ። ቡና ልንጠጣ ወጣን።

11 ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ሄደ።

ዩፒኤሱ፣ መጠባበቂያ ባትሪው፣ አስር ደቂቃ ነው የሚይዘው። ሮጠን ስንደርስ ጨለማ ነው። "ችግር የለም፣ ካርታው አለ" አልኩት። ልጁ ዝም አለ። ለካ ካርታውን ያስቀመጥነው ፍላሹ ላይ በሚነሳው ሊኑክስ ዴስክቶፕ ላይ ኖሯል፣ እሱ ደግሞ የሚኖረው ራም ውስጥ ነው፣ ጊዜያዊው ማስታወሻ ውስጥ። መብራት ሲጠፋ አብሮ ጠፋ። "ዴስክቶፑ ላይ አድርገው" ያልኩት እኔ ስለሆንኩ ልጁን ምንም አላልኩትም። የተገለበጠው ምስል አለ፣ የትኛው ቦታ በትክክል እንደተነበበ የሚናገረው ግን የለም። የሚሞተውን ዲስክ ከሀ ጀምሮ እንደገና ልናስነብበው ነው።

መብራት ምሽት 2 ሰዓት መጣ። ካርታውን አዲሱ ዲስክ ላይ አድርገን ጀመርን። እዚያው አደርኩ።

ዓርብ፣ መጋቢት 11

ደህና ደህናው ሌሊቱን ወጣ። የቀረው 41 ሜጋ ነው። ይቺ 41 ሜጋ ቀኑን ሙሉ ፈጀች። መብራት ሁለቴ ሄደ፣ ሁለቴም ካለበት ቀጠለ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 12

አበቃ። ከ2 ቴራ ያልተነበበው 312 ኪሎ ባይት ነው፣ 624 ሴክተር። ደስታዬን ቻልኩት። ግን ወዲያው ጥያቄ መጣ፤ እነዚያ 624 ሴክተሮች የየትኛው ፋይል ናቸው? ባዶ ቦታ ላይ ከሆኑ ምንም አይደል። የሙሽሪት መግቢያ ላይ ከሆኑስ?

ልጁ ያደረገውን ልንገራችሁ፣ እኔ ከዚህ ሥራ ሁሉ የወደድኩት ይሄን ነው። ዲዲሬስኪው ያልተነበቡትን ቦታዎች በፈለጋችሁት ጽሑፍ መሙላት ይችላል። ልጁ "ጉድጓድ" የሚል ቃል ደጋግሞ ጻፈባቸው። ከዚያ ምስሉን እንደ ዲስክ ከፍቶ፣ ለንባብ ብቻ፣ "ጉድጓድ" የሚል ያለበትን ፋይል ሁሉ ፈልግ አለው። ሦስት ሰዓት ገደማ ፈጀ። አራት ፋይል ወጣ።

አንዱ የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ጊዜያዊ ፋይል ነው፣ ይጣል። ሁለቱ የአምና ግንቦት ክሊፖች ናቸው፣ ሁለቱም ሰኔ ላይ በተሠራው "2017" ውስጥ ሙሉ ሆነው ተገኙ! ከዚያ አውጥቼ ተካኋቸው። ማክሰኞ ሰርዤው ቢሆን ኖሮ… ተዉት።

አራተኛው የጥር 17 ሠርግ ነው፣ አዘዞ። ካሜራ አንድ። ከፍቼ አየሁት። ሙሽሪት ልትወጣ ስትል እናቷ እልልታውን ሲያቀልጡት፣ እዚያው አፋቸው እንደተከፈተ ምስሉ ወደ አረንጓዴና ግራጫ ካሬዎች ይበተናል። አንድ ሰከንድ ብትሆን ነው። ከዚያ ይስተካከላል። 312 ኪሎ ባይት ለቪዲዮ ምንም ማለት አይደለም፣ ግን ቪዲዮ አንዱን ምስል ከፊተኛው እያየ ስለሚሠራው አንዱ ሲበላሽ ተከታዮቹን ይዟቸው ይሄዳል። የባክአፑ የእናትና የልጅ ነገር እዚህም መጣብኝ።

የጥርን ፎልደሮች ለጥንቃቄ ልጁ ባመጣው ትርፍ ዲስክ ላይም ልንገለብጥ ስንል ሊኑክሱ አንዳንዱን ስም አልቀበልም አለ፣ ረዘመብኝ ብሎ። እዚያ ገደቡ 255 ባይት ነው፣ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይበላል፣ ስለዚህ 85 ፊደል ላይ ያበቃል ማለት ነው። እኔ ደግሞ የሙሽራውን፣ የሙሽሪትን፣ የአዳራሹን፣ የቀኑንና የካሜራማኑን ስም ፎልደሩ ላይ የምደረድር ሰው ነኝ። አሳጠርን።

እሑድ

ገብርሔር። ሱቅ ዝግ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ የአዘዞዋ ሙሽሪት እናት ደወሉ። "ልጄ፣ ምነው ድምፅህ ጠፋ? ቪዲዮው ደረሰ?" አሉኝ። በዚህ ሳምንት አልኳቸው።

ሰኞ፣ መጋቢት 14

የጽዳት ቀን። ፋይሎቹን ከምስሉ ወደ አዲሱ አውጥቼ ጨርሻለሁ፣ አሮጌው ኬዙ ውስጥ የለም። ለአዲሱ ያንኑ ዲ የሚለውን ፊደል ሰጠሁት። ሌላ ፊደል ቢሆን የኤዲቲንግ ፕሮጀክቶቹ በሙሉ "ሚዲያ ኦፍላይን" እያሉ በቀይ ይቀበሉኝ ነበር፣ ከዚህ በፊት ደርሶብኛል።

አሁን ኤክስተርናሉ። 61ዱን ወላጅ አልባ ፋይሎች ሰረዝኳቸው። እያዘንኩ ነው፣ ግን አይከፈቱም። ግማሽ የቀረውንም። "2023" ግን ቀላል አልነበረም። በውስጡ ያለው ሁሉ አዲሱ ላይ አለ? በስም ላመሳክር ብዬ አበድኩ። አንድ ቦታ "ሠርግ" ብያለሁ፣ አንድ ቦታ "ሰርግ"። "ፀሐይ"፣ "ጸሀይ"። ለእኛ አንድ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሠ እና ሰ እንደ ሀ እና ፐ የተራራቁ ፊደሎች ናቸው። "ሠርግ" ብዬ ስፈልግ ግማሹ አይወጣም። አንድ ፎልደር በሁለት አጻጻፍ ሁለት ጊዜ ተቀምጦ 140 ጊጋ ሲበላ ኖሯል።

መፍትሔው ስሙን መተው ነው። ልጁ ለእያንዳንዱ ፋይል ከይዘቱ የሚወጣ አሻራ አስወጣ። ይዘቱ አንድ ከሆነ ስሙ ምንም ይሁን አሻራው አንድ ነው፣ አንዲት ባይት ከተለየች ደግሞ አሻራው ሌላ ይሆናል። ሲመሳከር ከ"2023" ውስጥ 37 ፋይሎች ሌላ የትም የሉም። አብዛኛው ተራ ነው። አንዱ ግን የጥምቀት ዋዜማ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ነው፣ የጠፋ መስሎኝ ትቼው የነበረ። 37ቱን አወጣሁ፣ የቀረውን ሰረዝኩ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 16

ባክአፑን እንደገና ሳስነሳ "የሚገለበጠው ዲስክ አልተገኘም" አለኝ። ፊደሉ ዲ ቢሆንም ፕሮግራሙ የሚያውቀው በመለያ ቁጥሩ ነው፣ አሁንም የሞተውን ይጠብቃል። ሥራውን አጥፍቼ ከአዲስ ፈጠርኩት። ይሄን ሳያስተውል ባክአፑ እየሠራ የሚመስለው ሰው ስንት ይሆን?

በወር አንድ ሙሉ፣ በየማታው ጭማሪ። አሮጌውን ፕሮግራሙ ራሱ ይሰርዛል፣ የእኔ እጅ አይገባበትም። ሦስት ሙሉ ኤክስተርናሉ ላይ ስለማይገባ አዲስ ከመጀመሩ በፊት አሮጌውን እንዲያጠፋ አደረግኩ፣ አንዱ ሁሌ ይቀራል። መጀመሪያ የፊተኛዋ የዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ ስሰካው 14 ሰዓት ይፈጃል አለ። ከኋላ ሰማያዊዋ፣ ፈጣኗ ላይ ስሰካው አራት ሰዓት። ሲጨርስ ይነቀላል፤ ክረምት ላይ መብረቅ ሲመጣ ሁለቱም አንድ ሶኬት ላይ ቢሆኑ አብረው ነው የሚቃጠሉት። የልጁን ትርፍ ዲስክ ገዛሁት፣ የጥር ወር ሥራ እንዳለበት ማራኪ ሰፈር እህቴ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። እህቴ ምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ "ሠርግ ነው" አልኳት።

ከባክአፑ ሦስት ፋይል በዘፈቀደ መርጬ ላፕቶፕ ላይ መለስኩና ከፈትኳቸው። ተከፈቱ።

ዓርብ፣ መጋቢት 18

የአዘዞው ሠርግ አለቀ። ያቺን የተበላሸች ሰከንድ በካሜራ ሁለት ሸፈንኳት። ካሜራ ሁለት ከኋላ ነው የቆመው፣ ድምፁን ከሌላ ቦታ አምጥቼ አጣበቅኩ፣ መጋጠሚያው አይታወቅም።

እናትየው ከሰዓት መጡ። ወንበር አቀረብኩላቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ እንባቸውን እየጠረጉ እስከዚያ ድረስ አዩ። ከዚያ እጃቸውን አነሱ።

"አቁመው እስቲ። እዚህ ጋ ለምንድነው ጀርባዬን ያሳየኸኝ?"